የኮቱ ሦስተኛ ቁልፍ

ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ እንደ ልማዴ በሩን ሳያንኳኳ ዘው ብሎ ይግባና ጉልበትዎን ይሳም። ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? እግርዎስ እንዴት ነው፣ አሁንም ደረጃ ሲወጡ ያስቸግርዎታል? ሳሉ ለቀቀዎት? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን መነጽር ያደርጉታል ወይስ እንደ ፊተኛው መሳቢያ ውስጥ አስተኝተውታል? የእማዬስ ወገብ ተሻለው? ጎረቤቶቹስ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም፣ ተመስገን። እንዲያውም ወፍሬአለሁ። ቀሚሶቼን በሙሉ ጎን ጎናቸውን ተርትሬ አሰፋኋቸው። ልብስ ሲሰፋ በጎኑ ትርፍ ጨርቅ እንድተው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና አዲስ ቀሚስ ከመግዛት ያዳኑኝም እርስዎ ነዎት።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ታናሽ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። ስለዚህ ለእሷ አንድ ቃል ልናገር። አንቺ ጩጬ፣ አንድም መስመር እንዳትዘይ። አባባ ፊታቸውን ቢያጠቁሩም፣ «በቃ ተይው» ቢሉሽም እስከ መጨረሻው አንብቢ። አብሮ የመጣውን ትንሽ ካርቶን ደግሞ ደብዳቤው ሳያልቅ እንዳትከፍቺው። ጉጉትሽን ስለማውቅ ነው የማስጠነቅቅሽ፣ አደራ።

እንግዲህ አባባ፣ ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ዓመት በስልክ ምን እየሰፋሁ እንደሆነ ሲጠይቁኝ የአሻንጉሊት ልብስ ነው አልኩዎት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» እል ነበር። ከዚያ «ያን ሁሉ ዓመት መርፌ ያስያዝኩሽ ለዚህ ነው? እጅሽን አባከንሽው» ብለው ስልኩን ለእማዬ ሰጧት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፣ ዝናብ ዘነበ ወይ ይሉኛል፤ ስለ ሥራዬ ግን አንድ ቃል ከአፍዎ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ሲጠይቅዎ ደግሞ «የወንድ ሙሉ ልብስ ነው የምትሰፋው» እንደሚሉ ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አልናገርም። ጩጬ፣ አትደንግጪ፣ ማንበብሽን ቀጥይ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ያቺ «አባከንሽው» የምትል ቃል ውስጤ ገብታ አልወጣ ብላለች። መርፌ ባነሳሁ ቁጥር ትሰማኛለች። ይህን የምጽፍልዎት ያቺን ቃል እንዲመልሱልኝ ነው። በባዶ እጄ አይደለም የምለምንዎት፣ ማስረጃ ይዤ ነው። ዛሬ ልኩራራ ነውና ትንሽ ይታገሱኝ።

የምሠራው ከአንድ ሰዓት ጠጋኝ ሱቅ በላይ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና አራት ወንበር አለው። በየፊታችን አንገቱ የሚታጠፍ መብራትና ትልቅ ማጉያ መስታወት ተተክሏል። የቤቱን ባለቤት ሁላችንም ባለመነጽሯ ነው የምንላት። ሁለት መነጽር አላት፤ አንዱ አፍንጫዋ ላይ፣ አንዱ ግንባሯ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ «መነጽሬን ያያችሁ» እያለች ስትዞር ትውላለች። በቀኜ ጫማ ሠሪው ይቀመጣል። ፂሙ እስከ ደረቱ ድረስ ነው፤ የሚሠራው ጫማ ግን አውራ ጣቴን ቢያህል ነው። ከፊቴ ደግሞ ፀጉር ተካይዋ አለች። በአሻንጉሊቶቹ ራስ ላይ ፀጉሩን በመርፌ እያስገባች ትተክላለች፤ የልብሶቹን ጠቅ የሚሉ መዝጊያዎች የምትሰፋውም እሷ ናት።

አባባ፣ አሻንጉሊት ስልዎት ሕፃን አቅፎት የሚተኛውን ብቻ እንዳያስቡ። የእኛዎቹ ቁመታቸው ከስንዝር ትንሽ ያልፋል፤ ክንዳቸው፣ ጉልበታቸው፣ አንገታቸው ሁሉ ይታጠፋል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ ሰይፍ የታጠቀ ጀግና አለ። ከእኛ የሚገዙት ሰዎች አብዛኞቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ መደርደሪያቸው ላይ አቁመው የሚያዩ፣ ስፌቱን በዓይናቸው የሚመረምሩ፣ ኮሌታ ጠመመ ብለው መልሰው የሚልኩ። እርስዎን ያስቸግሩ የነበሩት ደንበኞች እነዚህን ቢያዩ ይቅርታ ይጠይቁዎት ነበር። ሰውነቱ ስለሚንቀሳቀስ ልብሱም አብሮት መንቀሳቀስ አለበት። ብብቱን ተሳስቼ ከቆረጥኩት ጀግናው ሰይፉን ገና ከፍ ሲያደርግ እምብርቱ ይታያል። እንዲህ ያለውን ጀግና ደግሞ ማን ይፈራዋል?

የመጀመሪያ ሥራዬን ልንገርዎትና ይሳቁብኝ። ለአንዲት አሻንጉሊት ካፖርት እንድሰፋ ተሰጠኝ። እንዳስተማሩኝ ለካሁ፣ ወሰወስኩ፣ ሰፋሁ። የእጅጌውንና የታችኛውን ጠርዝ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ አጥፌ ጥሩ ትርፍ ተውኩበት። የእርስዎ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበራ! «ልጅ ያድጋል፣ ትርፍ ተዪ፤ ለከርሞ ሲያጥራት እናቷ ታስረዝምላታለች» ይሉኝ የለ? ካፖርቱን ሳለብሳት ክንዶቿ አልወርድ አሉ። ፖሊስ «እጅ ወደ ላይ» ያላት ይመስል ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች። ባለመነጽሯ መጣች፣ ገለበጠችው፣ ያን ሁሉ እጥፋት አየችና ይህቺ ልጅ የምታድገው መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ኩም አልኩ። አሻንጉሊት እንደማያድግ ለመረዳት አንድ ካፖርት ከሰርኩ ማለት ነው።

ትንሽ ስለሆነ ይቀላል እንዳይሉኝ። እርስዎ ጋ አንድ ጣት ብሳሳት ካውያው ይደብቅልኝ ነበር፤ እዚህ የክር ውፍረት ያህል ከተሳሳትኩ ሰውየው ጎባጣ ይሆናል። ጨርቁ ገና መቀስ ሲያይ መተርተር ይጀምራል። እጅጌ የሚገለበጠው በወረንጦ ነው። ትንፋሽም በልክ ነው። አንድ ቀን ጫማ ሠሪው ሳይታሰብ አስነጠሰና የቆረጥኩት እጅጌ ከፊቴ በረረ። አራታችንም ወለሉ ላይ ተንበርክከን ግማሽ ቀን ስንፈልግ ዋልን። የተገኘው ጫማ ሠሪው ለምሳ ሊወጣ መስታወት ፊት ሲቆም እዚያው ፂሙ ውስጥ ነው።

ሌሎች ቤቶች ይህን ሁሉ ጣጣ ሽሽት የልብሱን ውስጥ በሙጫ ነው የሚያጣብቁት። ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ገልብጠው ካዩት ግን ያስነውራል። እዚህም ስመጣ ሙጫ ነበር የሰጡኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ማን ያየዋል ቢሉኝ አባቴ ያየዋል አልኳቸው። ሩቅ እንዳሉ ያውቃሉና ተሳሳቁብኝ። እኔ ግን እያንዳንዱን ስፌት ስጨርስ ገልብጬ በጥፍሬ እዳስሰዋለሁ፣ ልክ እርስዎ እንደሚያደርጉት። ቀስ በቀስ ባለመነጽሯም የሙጫውን ጠርሙስ ከፊቴ አነሳችው። አሁን የሚጠቀምበት ጫማ ሠሪው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። በዓመት አንድ ጊዜ እንደኛ ያሉ ቤቶች በአንድ ሰፊ አዳራሽ ተሰብስበው ይወዳደራሉ። እያንዳንዱ ቤት አንድ አሻንጉሊት ከራስ እስከ እግሩ አልብሶ ያቀርባል። ዘንድሮ ባለመነጽሯ ምርጫውን ለእኔ ተወችልኝ። ልብስ ሰፊ እሠራለሁ አልኳት። የምንፈልገው ጀግና ነው አለችኝ። እኔም ጀግና ነው ያልኩሽ አልኳት።

አባባ፣ እርስዎን ነው የሠራሁት። ያን ቡናማ የሥራ ኮትዎን በሐሳቤ እያየሁ ልኩን ወረቀት ላይ አወጣሁ። ግራ እጅጌው ላይ ካውያ የላሰው ቦታ አለ፤ እሱን በጋለ መርፌ ጫፍ አሳረርኩት። ክርኑ ላይ ያለችውን ከለሯ የማይገጥም መጣፊያ አልረሳኋትም፤ ለሰው ጥሩ ጨርቅ እየሰጡ ለራስዎ ያገኙትን ነው የሚለጥፉት። የውስጥ ኪሱንም ሰፋሁና ምልክት ማድረጊያ ሳሙናዎን እንዲመስል ትንሽ ሳሙና ፈቀፈቅኩበት። ስወጣ ለመጠገኛ ይሆንሻል ብለው የቋጠሩልኝ የዚያው ኮት ትራፊ ቁርጥራጭ ትዝ ይልዎታል? የኮትዎ ጨርቅ ለስንዝር ሰው ምንጣፍ ያህል ወፍራም ስለሆነ አልሆነኝም፤ ገበሩ ግን ስስ ነውና የትንሹ ኮት ገበር አደረግኩት። ከዚያው ቋጠሮ አንድ የተሰበረ ቁልፍዎን አግኝቼ ከእሱ ሦስት ትንንሽ ቁልፍ ቀረጽኩ። እያንዳንዳቸው የምስር ግማሽ ቢያህሉ ነው። ሁለት ሁለት ቀዳዳ አላቸው።

ጫማ ሠሪው ተረከዙ በአንድ ጎን ያለቀ ጫማ ሠራልዎት። እንደዚያ እንደሚራመዱ የነገርኩት እኔ ነኝ። ፀጉር ተካይዋ ግንባርዎን ወደ ኋላ እያሰፋች ይበቃል ወይ ስትለኝ ገና ነው፣ የአባቴ መላጣ ከዚህ ይሰፋል አልኳት። ይቅር ይበሉኝ፣ ለእውነት ብዬ ነው። አንገትዎ ላይ ከጥብጣብ የተሠራ ሜትር አንጠለጠልኩና ቁጥሩን አንድ በአንድ በብዕር ጻፍኩበት።

በውድድሩ ቀን ሦስት ዳኞች እየዞሩ አዩ። አንደኛዋ ዕድሜዋን ሙሉ የሙሽራ ልብስ የሰፋች አሮጊት ናት። ከሌሎቹ ጠረጴዛዎች ቶሎ ቶሎ ታልፍ ነበር። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ኮቱን አውልቃ በወረንጦ ገለበጠችው። አባባ፣ ኮት ሲገለበጥ የምፈራው ከእርስዎ ፊት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ውስጡን በጥፍሯ ዳሰሰች፣ ገበሩን አየች፣ ኪሱ ውስጥ ሳሙናውን አየችና ፈገግ አለች። ከዚያ ቁልፎቹን ቆጠረች። ሦስት ቀዳዳ አለ፣ ሁለት ቁልፍ። ሦስተኛው የት አለ አለችኝ።

ወይ ጉዴ! እጄን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ስከት ቁልፏ በወረቀት እንደተጠቀለለች እዚያው አለች። ጠፍታ አልነበረም፣ ረስቼም አልነበረም። ኮቱን በጨረስኩ ዕለት ሁለቱን ሰፍቼ ሦስተኛዋን ለእርስዎ ላቀብል ከወንበሬ ተነስቼ ነበር። ማንም አልነበረም። ኪሴ ከተትኳትና ሥራው ያለቀ መስሎኝ ኮቱን አለበስኩት። እስከዚያ ቀን ልብሱ ሁሉ የሚዘጋው በፀጉር ተካይዋ መዝጊያ ስለነበር ቁልፍ ያለው ሥራ በእጄ ገብቶ አያውቅም። እጄ ግን የቤቱን ደንብ አልረሳም።

ዳኞቹ ነገሩ ግራ ሲገባቸው ደንባችንን ነገርኳቸው። እርስዎ ቤት ተማሪ የመጨረሻውን ቁልፍ እንደማይተክል፣ ልብሱንና ቁልፉን ይዞ ፊትዎ እንደሚቆም፣ ገልብጠው መርምረው ካመኑበት ብቻ በራስዎ እጅ እንደሚተክሉት፣ ካላመኑበት ደግሞ ልብሱ እንደሚተረተር። ተማሪው የበቃ ዕለት ቁልፉን መልሰው መዳፉ ላይ እንደሚያስቀምጡለት፣ ያን ጊዜ ሙያው የእሱ እንደሚሆን። ከእኔ ጋር የተማሩት ረጅሙም ግራኙም እንዲህ ነው የወጡት። እኔ ግን ቁልፌ መዳፌ ላይ ሳትቀመጥ ነው ሻንጣዬን ያነሳሁት።

አሮጊቷ መርፌ ከደረቷ ነቅላ እዚሁ ስፊያት አለችኝ። ባለመነጽሯ ከኋላዬ ክንዴን እየቆነጠጠች አንድ ደቂቃ ናት፣ ስፊያትና እንገላገል ትለኛለች። መርፌውን ተቀበልኩ። ክሩንም አስገባሁ። ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ። ያንን ኮት፣ የእርስዎን ኮት፣ እርስዎ ሳያዩት ቁልፉን መዝጋት ስርቆት መስሎ ታየኝ። መርፌውን መለስኩና የዚህ ቁልፍ ባለቤት ሩቅ ነው፣ አልችልም አልኳቸው።

ደንባቸው ያላለቀ ሥራ አንደኛ አይወጣም ይላል። ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣው ጃኬቱ በሙጫ የተጣበቀ አብራሪ ነው፤ ምቀኝነት እንዳይመስልብኝ ከዚህ በላይ አልናገርም። አሮጊቷ ግን የምስክር ወረቀቱን ስትሰጠኝ ድምፅ ማጉያው ፊት ይህን እጅ ማን ነው ያስተማረው ብላ ጠየቀችኝ። «አባቴ!» አልኩ። ጮኼ ኖሯል፣ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አላፈርኩም። ያን ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ባለመነጽሯ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን አሁንም ተናድጃለሁ፣ ግን ሰዎች እየደወሉ ያቺ ገልብጣ የምትሰፋው ልጅ ትስፋልን እያሉኝ ነው አለችኝ። ሦስት ተማሪዎች ልትቀጥር ነው፤ እንዳስተምራቸው የምትፈልገው እኔን ነው። ያስቡት እስቲ፣ እኔ ደግሞ ሰው ፊቴ አቁሜ ልብስ ስገለብጥ! መልሱን ግን እስካሁን አልሰጠኋትም። የእነሱን የመጨረሻ ቁልፍ የምተክለው እኔ ልሆን ነው፤ የራሴን ሳልረከብ እንዴት አድርጌ?

ጩጬ፣ አሁን ካርቶኑን ክፈቺ። ኮቱ እዚያ አለ፤ ቁልፏ በወረቀት ተጠቅልላ ኪሱ ውስጥ ናት፣ እንዳትወድቅብሽ። ሰውየውን መስኮታችን ላይ በሸሚዙ አቁሜዋለሁ፤ ኮቱ እስኪመለስለት ይበርደዋል። ለአባባ መጀመሪያ ገልብጠሽ ስጫቸው። አባባ፣ ዓይንዎ ቢደክምም ጣትዎ ደህና አድርጎ ያያል። አይቸኩሉ። እጅጌውን ይዳስሱ፣ ኮሌታውን ይዳስሱ፣ ገበሩን ይሳቡት። ጥፋት ካገኙበት ልጄ ናት አይበሉ፣ እንደ ድሮው ይተርትሩት፤ እንደገና እሰፋዋለሁ። ካመኑበት ደግሞ ጩጬ ክር ታስገባልዎትና ቁልፏን በእጅዎ ይትከሉልኝ፤ ያኔ ባከነ ያሉት እጅ እንዳልባከነ አውቃለሁ።

ግን ድፍረት ባይሆንብኝ የምመኘው ሌላ ነው። ኮቱን ከመረመሩ በኋላ ቁልፏን ሳይተክሉ መልሰው ወረቀቷ ውስጥ ይጠቅልሏትና ከነኮቱ ይላኩልኝ። ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግም። እኔ ይገባኛል።

እንግዲህ ሰላምታዬን ላዳርስ። እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ወገቧን ካመማት ባልዲ እንዳታነሳ ንገሯት፣ እንደማትሰማ ባውቅም። አክስቴን የላከችልኝ ሹራብ ሞቆኛል በሏት፤ እጅጌው ረዝሞ ነበር፣ አሳጥሬዋለሁ፣ ይህንን ግን አትንገሯት። ረጅሙንና ግራኙን ከመጡ ሰላም በሉልኝ፤ ምን እንደምሰፋ ከጠየቁ ደግሞ አባባ፣ እውነቱን ይንገሯቸው። ለጎረቤቶቹም እንዲሁ። ለስፌት መኪናዎም ሰላምታ አለኝ፣ ዘይት አይርሷት። ጩጬ፣ አንቺን ደግሞ አገላብጬ ስሜሻለሁ፤ ሳትዘይ ካነበብሽው ለሚቀጥለው ልደትሽ ልብስ አለሽ፣ ትርፍ ትቼበት እሰፋዋለሁ፣ አንቺ ገና ታድጊያለሽ።

ከሰዓት ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበሬ
ኅዳር ፲፪ ቀን

ሁለቱን ቁልፍ የሰፋችው ልጅዎ